የክርኑ ባለቤት

ሰባት ቶዋ የሳዴክ ከተማን ሰው የምታውቀው ተዘቅዝቆ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ጥቁር ጨርቅ ሥር ተጎንብሳ፣ በትልቁ የእንጨት ካሜራ ጀርባ ባለው ደብዛዛ መስታወት ላይ፣ ሙሽራውንም ሹሙንም ዓሣ ሻጯንም እግራቸው ወደ ሰማይ፣ ራሳቸው ወደ ምድር ሆኖ ስታያቸው ኖራለች። ካሜራው ምስሉን የሚያሳየው ገልብጦ ነዋ። ሰው ፈገግ ሲል መስታወቱ ላይ ያኮረፈ ይመስላል፤ ሲያኮርፍ ደግሞ ጥርሱን የማይከድን ደስተኛ። ሳታገባ የቀረችውም በዚሁ ነው ይላሉ የገበያ ሴቶች። ሊያያት የመጣውን ሰውዬ «እስቲ መጀመሪያ ፎቶ ላንሳህ» ብላ ጨርቁ ሥር ገባች፤ አየችው፤ ወጣችና «ይቅርታ ወንድሜ፣ ሲዘቀዘቅ አላማረኝም» አለችው። ይህን ወሬ አንድ ቀን እንኳ አስተባብላ አታውቅም። እውነተኛው ምክንያት ከዚህ ያነሰ የሚያስቅ መሆን አለበት።

ስሟ ቶዋ ነው፤ ሰባት የተባለችው ለቤቱ ስድስተኛ ልጅ ስለሆነች ነው። በሜኮንግ ወንዝ ዳር የበኩር ልጅ «ሁለት» ተብሎ ይጠራል፤ «አንድ»ን ሊወስድ የመጣ ክፉ መንፈስ ቤቱን ዞሮ ዞሮ አንድ የሚባል ሰው ሲያጣ ባዶ እጁን እንዲመለስ። ስለዚህ እዚህ ሁሉም ሰው ከእውነቱ በአንድ ይበልጣል፤ ወሬውም እንደዚያው።

ካሜራውን ከተማው «ጎሹ» ይለዋል። ጥቁር ነው፣ ከባድ ነው፣ በሦስት እግሩ ካልቆመ ሥራ አይሠራም፤ የቆዳ ወናፉ ሲዘረጋ እንደ ሽማግሌ ያቃስታል። ጎሹ አንድ ፎቶ አንስቶ እስኪጨርስ ሩዝ ይበስላል። ፊልሙ ግን እንደ መዳፍ የሰፋ ነው፤ የሰባት ቶዋ ጥበብም እዚያ ላይ ነው። የታጠበውን ፊልም ከመስኮቱ ብርሃን ፊት አስደግፋ፣ እንደ መርፌ በተሾለ እርሳስ ትነካካዋለች። እርሳስ ያጠቆረው ወረቀቱ ላይ ይነጣል፤ ምላጭ የፋቀው ይጠቁራል። በዚህ እርሳስና ምላጭ ስንት ግንባር ተቃንቷል፣ ስንት ጥርስ በቅሏል! አንድ ራሰ በራ ሙሽራ ፀጉር አብቅላለት፣ ሚስቱ እስከ ዛሬ ድረስ «ፎቶው ላይ ያለውን ሰውዬ አምጣልኝ» እያለች ታስጨንቀዋለች።

ችግሩ፣ ጎሹ ሳር አለቀበት። ፊልሙ ይመጣ የነበረው ከአንድ ሩቅ የአውሮፓ አገር ነበር፤ ያ አገር ደግሞ ፋብሪካውን ብቻ ሳይሆን ራሱን ከነስሙ ዘጋ። ሰባት ቶዋ ወሬውን የሰማች ቀን፣ «ሱቅ ሲዘጋ አይቻለሁ፤ አገር ሲዘጋ ግን ይኸው ዛሬ ሰማሁ» አለችና ወደ ጨለማው ክፍል ገብታ የቀራትን በእጇ እየዳሰሰች ቆጠረች። አራት ፊልም። ሦስቱን ለሥራ ተወች። አራተኛውን ለብቻው በጥቁር ወረቀት ጠቅልላ፣ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ከታ፣ ክዳኑ ላይ «ለራሴ» ብላ ጻፈችበት።

«ለራሴ» ምን ማለት እንደሆነ የምታውቀው የወንድሟ ልጅ ትሪን ብቻ ናት። ሰው ሲሞት ፎቶው በየቤቱ የአያቶች ጠረጴዛ ላይ፣ ከፍራፍሬው ኋላ ይቀመጣል፤ የልጅ ልጅ እዚያ ፊት እየሰገደ ያድጋል። ብልህ ሰው ታዲያ ሞቶ በመታወቂያ ፎቶው ከሚዋረድ፣ በቁሙ ደህና ልብስ ለብሶ ይነሳና ፎቶውን ቁም ሳጥን ውስጥ ያስቀምጠዋል። የሳዴክን ሙታን እኩሌታ ያነሳችው ሰባት ቶዋ ግን ራሷ ጎሹ ፊት ተቀምጣ አታውቅም። ማን ያንሳት? አሁን አዲሱ ዓመት፣ ቴት፣ ሲገባ ስልሳ አራት ይሞላታል። ሐምራዊ የሐር ቀሚሷን ለብሳ ልትቀመጥ፣ ትሪን ካሜራውን የምታስነሳውን የጎማ ፊኛ ልትጨብጥላት፣ ከዚያ ራሷን በራሷ እርሳስ ልታሳምር ቆርጣለች። ከሁሉም ሰው ግንባር ላይ መጨማደድ ስታነሳ ኖራ፣ የራሷን ማን ይከለክላታል?

ትሪን ሠላሳ ዓመት ያለፋት፣ እግሯ ቤት የማይበረክት ሴት ናት። በዚያው ዓመት አንዲት ትንሽ የጃፓን ካሜራ ገዛች፤ ኪስ የምትገባ። ሰባት ቶዋ አንዴ አየት አድርጋ «ፌንጣ» አለቻት፤ ስሙ በዚያው ጸደቀ። ጠብ ሳይሆን ክርክር ከዚያ ቀን ጀምሮ ከፎቶ ቤቱ ጠፍቶ አያውቅም።

«አክስቴ ሰባት፣ ሰው እኮ ተቀምጦ መጠበቅ ትቷል።»

«ተቀምጦ መጠበቅ ያልቻለ ሰው ምኑ ይነሳል? ጀርባው?»

«ሲስቅ፣ ሲበላ፣ ሲጣላ ይነሳላ!»

«ሲበላ የተነሳን ሰው ምን ብዬ በእርሳስ ላሳምረው? ጉንጩ ውስጥ ያለውን ሩዝ ልቁጠርለት? ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፣ ልጄ።»

«እንቁላሉ እግር እስኪያበቅል ሙሽሮቹ ይፋታሉ!»

ሁለቱም እየሳቁ ወደየሥራቸው ይሄዳሉ። ትሪን ወደ ገበያ፤ አክስቷ ሰው ወዳልተቀመጠበት ወንበር። ከወንበሩ ኋላ ደንበኞች የሚያበጥሩበት ትልቅ መስታወት ተሰቅሏል፤ ሥራ የሌለ ቀን ሰባት ቶዋ እሱን ትወለውላለች። በዚያ ዓመት ከመወልወሉ ብዛት ሊሳሳ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው እማማ ስምንት ቦንግ ፎቶ ልነሳ ብለው ሲመጡ ነው።

እማማ ስምንት ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ አርባውን ዓመት በጀልባ ላይ የሩዝ ሾርባ ሲሸጡ፣ የቀረውን ስለ ሸጡላቸው ሰዎች ሲያወሩ አሳልፈዋል። ባላቸው ከሞቱ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ጎሹ ያነሳቸው ፎቶ የአያቶች ጠረጴዛው ላይ ትሪ አክሎ ተቀምጧል፣ ሽፋሽፍታቸው አንድ በአንድ ይቆጠራል። እማማ ስምንት የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ ከባላቸው ጎን በዚያው ልክ፣ በዚያው ጥራት፣ በዚያው ጎሽ ተነስተው መቀመጥ።

«በፌንጣዋ ላንሳዎት፣ እማማ ስምንት» አለች ትሪን።

«አንቺ! ባሌ ተራራ አክሎ፣ እኔ ከጎኑ ሰሊጥ ልምሰል? በሕይወቱ ያልተጫነኝ፣ ሞቼ ይጫነኝ?»

ክፉው ነገር፣ የእማማ ስምንት ራስ ይንቀጠቀጣል። ከሦስት ዓመት ወዲህ ሁሉን ነገር «አይሆንም፣ አይሆንም» የሚሉ ይመስል ራሳቸው ከግራ ቀኝ ይወዛወዛል። ጎሹ ደግሞ ፊልሙ አሮጌ ነው፣ ሌንሱ አሮጌ ነው፤ ሁለት ሰከንድ ሙሉ ሳይነቃነቁ መቀመጥን ይፈልጋል። በመጀመሪያው ፊልም ላይ እማማ ስምንት ሁለት አፍንጫ ይዘው ወጡ። ለሁለተኛው ሰባት ቶዋ ራሳቸውን በነጠብጣብ ሻሽ ከወንበሩ ጋር አሰረችው፤ ወንበሩም አብሮ ተንቀጠቀጠ።

«እትዬ ስምንት፣ ትንፋሽዎን ያዙ፣ ምንም አያስቡ።»

«እኔ አልተንቀጠቀጥኩም፤ መሬቱ ነው» አሉ እማማ ስምንት፣ እንደታሰሩ። «ደግሞ ምንም አያስቡ ትይኛለሽ! ምንም ባላሰብኩ ባሌን አገባው ነበር?»

ሦስተኛው ፊልም ላይ ደህና ሊሆኑ ምንም አልቀራቸውም ነበር፤ አንድ ዳክዬ በበሩ ገብታ አሳቀቻቸው። የታጠበው ፊልም ላይ ያለው ሰው ሳይሆን ጭጋግ ነበር።  የሰባት ቶዋ ዓይን ሳታዝዘው ወደ ብስኩት ቆርቆሮው ሄዶ ተመለሰ። እማማ ስምንት ያንን እይታ አዩት፤ ውስጡ ምን እንዳለ አያውቁም፣ ብስኩት መሰላቸው።

«ከቴት በኋላ እንሞክራለን» አለች ሰባት ቶዋ። ዋሸች።

አዲሱ ዓመት ሊገባ አሥር ቀን ሲቀረው፣ ወንዙ በአበባ ጀልባ ሲሞላና ገበያው መርገጫ ሲጠፋው፣ ትሪን ፌንጣዋን ይዛ ወጣች። አነሳች፣ አነሳች፤ ከድልድዩ ማዶ ባለው ማሽን አሳጥባ በማግስቱ የፎቶ ክምር ይዛ መጣች። ከመሃሉ አንዱ፣ እማማ ስምንት ነበሩ። ከአንዲት ዓሣ ሻጭና ከእህቷ ጋር ቆመው፣ የሰው ስም እያነሱ ይሁን እየጣሉ፣ አፋቸውን እስከ ጉሮሮ ከፍተው ይስቃሉ። ጥርት ያሉ ናቸው። አንድ አፍንጫ ብቻ። ትሪን ደስ ብሏት እየሮጠች ወስዳ በስጦታ ሰጠቻቸው።

እማማ ስምንት ፎቶውን ተቀበሉ፤ ሳቁ፤ ከዚያ በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። አንድ። ሁለት። ሦስት።

ይህን ነገር ሳዴክ ውስጥ የማያውቅ ሕፃን እንኳ የለም፤ ሦስት ሰው ለብቻው አይነሳም። ከተነሳ መሃል ያለው ቀድሞ ይሞታል። ሦስት ሰው ከመጣ አራተኛ ይፈለጋል፤ ጎረቤት ይጠራል፣ ደብዳቤ አመላላሹ ይለመናል፣ ምንም ከጠፋ አሻንጉሊት ይታቀፋል። ሰባት ቶዋ በአርባ ዓመት ውስጥ ሦስት ሰው አንስታ አታውቅም፤ ደብዛዛው መስታወት ላይ እግሮችን ትቆጥራለች፣ ስድስት እግር ካየች ከጨርቁ ሥር ሆና «ጎረቤት!» ብላ ትጮኻለች።

እማማ ስምንት መሃል ነበሩ።

በዚያው ከሰዓት አልጋቸው ላይ ወጡ። ዓሣ ሻጯና እህቷ፣ ከዳርና ከዳር የነበሩት፣ እፎይ ከማለታቸው የተነሳ የዓሣ ሾርባ ይዘው መጡ፤ ለሟች እንደሚደረገው በሁለት እጃቸው አቀረቡላቸው። «ይቅመሱ እማማ፣ አይዘኑ፣ ሁላችንም እንከተላለን፤ ወደፊት» አሏቸው። እማማ ስምንት ሾርባውን ጠጥተው ጨረሱትና ለሰባት ቶዋ መልእክት ላኩ፤ «ተጠርቻለሁ። ፎቶ የለኝም። ባሌ አጠገብ በመታወቂያ ልቀመጥ ነው። የወንድምሽን ልጅ ይቅር ብያታለሁ በያት፤ ግን ዓይኗን አላይም።»

ሰባት ቶዋ መልእክቱን ሰምታ ወደ ትሪን ዞረች።

«አልቆጠርሽም?»

«አክስቴ፣ ዓይን እርግብ እስኪል እኮ ነው! ሳቁ፤ ጫንኩት።»

«ጎሹ ሥር ብትሆኚ ትቆጥሪ ነበር።»

«ጎሹ ሥር ብሆን እማማ ስምንት ሁለት አፍንጫ ይኖራቸው ነበር!»

እውነት ነው፤ ስለሆነም ሰባት ቶዋ ተናደደች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አለቻት፤ ሌላም አለቻት፣ ሌላውን ልተወው። ትሪን እንባዋ መጣ። የምታለቅሰው ለተረቱ አልነበረም፤ እማማ ስምንት በልጅነቷ ሾርባ በነጻ ያጠጧት ነበር። አፍንጫዋን እየጠረገች፣ «ብቻ ሦስት አልነበሩም» አለች።

«ፎቶው ላይ ሦስት ናቸው።»

«የዳክዬ ሽታ ነበር። እዚህ፣ በቀኝ እጄ በኩል። አንድ ሰው ነበር ቆሞ።»

 ሰባት ቶዋ እጇን ዘረጋች። «ነጌቲቩን አምጪው።»

ጥፍር የምታህለውን ፊልም መስኮቱ ላይ አስጠጋች፣ ማጉያ መነጽሯን ዓይኗ ላይ ተከለች። ቆየች። ጎሹ ያስተማራት አንድ ነገር ቢኖር ዳር ዳሩን ማየት ነው፤ ሰው መሃሉን ያያል፣ ፎቶ አንሺ ጥጉን። «ማሽኑ ጠርዙን ቆርጦታል» አለች በቀስታ። «እዚህ፣ ጥግ ላይ አንድ ነገር አለ። ሰው ይሁን ቅርንጫፍ...»

ሁለቱም ጨለማ ክፍል ገቡ። ሙሉውን ፊልም፣ ጠርዙ ሳይነካ፣ ትልቅ ወረቀት ላይ አበሩት። በቀዩ መብራት ሥር፣ ውሃው ውስጥ መጀመሪያ የእማማ ስምንት አፍ መጣ፤ ያው ከእማማ ስምንት ሁሌም የሚቀድመው እሱ ነው። ከዚያ ዓሣ ሻጮቹ። ከዚያ በቀኝ ጠርዝ ቀስ እያለ፣ አንድ ክርን።

ክርን ነበር። እጅጌው ላይ የተጣፈ አበባ አበባ ጨርቅ አለበት። ሌላ ምንም የለም። ፊት የለም፣ ትከሻ የለም፣ ክርን ብቻ።

«ክርን ሰው ነው?» አለች ትሪን።

«የክርን ባለቤት ሰው ነው» አለች ሰባት ቶዋ፤ እርጥቡን ፎቶ እንደ ልብስ አንጠልጥላ ወደ ገበያ ሄደች።

የዳክዬ ሽታ ሳዴክ ውስጥ ከአንድ ሰው ነው የሚመጣው፤ ከዘጠኝ ቫንግ። ዳክዬ ሻጭ ነው፣ ደግ ነው፣ ሲዋሽ ጆሮው ይቀላል። ሰባት ቶዋ ፎቶውን ፊቱ ዘረጋችው። ገበያው ሥራውን ትቶ ከበባቸው።

«ወንድሜ ዘጠኝ፣ ይህ ክርን ያንተ ነው?»

ዘጠኝ ቫንግ ክርኑን አየው። ጆሮው ቀላ። «አይደለም» አለ።

«እንዴት አይደለም? ዳክዬ ዳክዬ ይሸት ነበር ትላለች ትሪን!»

«ፎቶ አይሸትም፣ እህቴ ሰባት። እኔ ያን ቀን የዳክዬ መኖ ልገዛ ወንዙን ተሻግሬ ነበር። ሚስቴን ጠይቂያት፤ ነግሬያት ነው የሄድኩት።»

«አንድ ሰው ሊሞት ነው እኮ! እማማ ስምንት አልጋ ላይ ናቸው!»

«ነፍስ ይማር... ማለቴ እግዜር ይማራቸው። ግን ክርኑ የኔ አይደለም።»

ይህን ጊዜ ከዳክዬዎቹ ኋላ ሚስቱ ብድግ አለች። ወፍራም፣ ፈጣን፣ ከፊቷ ማንም የማይቆም ሴት ናት። ፎቶውን ከሰባት ቶዋ እጅ ተቀብላ ዓይኗ ድረስ አስጠጋች፤ ጣቷን ከክርኑ ላይ አኖረች።

«ይህ ጨርቅ የኔ የሌሊት ሱሪ ነው» አለች።

ገበያው ጸጥ አለ። ዳክዬዎቹም።

«አምና ሲቀደድ ቆርጬ እጅጌህ ላይ ጣፍኩልህ። ይኸው ስፌቴ፤ ክሩ አንሶኝ በጥቁር የጨረስኩት። ያን ቀን ወንዙን ተሻገርኩ አልከኝ። ክርንህ እዚህ ምን ያደርጋል?»

«እ... ክርኔ...»

«ክርኑን ብቻ ገበያ የሚልክ ባል አላየሁም! ከዓሣ ተራው ጀርባ አውራ ዶሮ የሚያዋጉበት አለ። ዶሮ ስታዋጋ ነው የዋልከው!»

ዘጠኝ ቫንግ ሚስቱን አየ፤ ሰባት ቶዋን አየ፤ ወደ እማማ ስምንት ቤት በኩል አሻግሮ ተመለከተ። አንድ ሰው በሁለት ሞት መካከል ሲቆም ፊቱ ምን እንደሚመስል ፌንጣዋ ያን ቀን አላነሳችውም እንጂ። ረጅም ትንፋሽ ስቦ፣ ክንዱን አጥፎ ወደ ላይ አነሳው፤ የተጣፈው አበባ ለሁሉም ታየ።

«የኔ ነው» አለ። «አራተኛው እኔ ነበርኩ። ለእማማ ስምንት ንገሩልኝ፤ እኔንም ቅበሩኝ።»

ሚስቱ እየጎተተች ወሰደችው። ገበያው ግን እንደ ሠርግ ጮኸለት።

እማማ ስምንት ወሬው ሲደርሳቸው መጀመሪያ የጠየቁት «ዶሮው አሸነፈ?» ብለው ነው። ቀጥለው ከአልጋቸው ወረዱ። ሰባት ቶዋና ትሪን ትልቁን ፎቶ ይዘው ሲገቡ እሳቸው ምድጃው አጠገብ ተቀምጠው የራሳቸውን የለቅሶ ሩዝ ይበሉ ነበር።

ፎቶውን ጭናቸው ላይ አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩት። ራሳቸው ከግራ ቀኝ እየተወዛወዘ ነበር፤ ፎቶው ላይ ያሉት ግን ጸንተዋል።

«ይህቺ እኔ ነኝ?» አሉ።

«እርስዎ ነዎት፣ እትዬ ስምንት።»

«አትንቀጠቀጥም።» ጣታቸውን በገዛ ጉንጫቸው ላይ አሳለፉት። «ሰባት፣ ይቺን አድርጊልኝ። ከባሌ እኩል። ዓሣ ሻጮቹን አውጪልኝ፣ ክርኑን አውጪልኝ፣ እዚህ ጋ ጥርስ አስገቢልኝ። የመጨረሻ ነገሬ ነው፤ ሌላ አልለምንሽም።»

ሲመለሱ መንገድ ላይ ትሪን ነገሩን ቶሎ ተናገረችው፤ ከአክስቷ አፍ መስማት ስላልፈለገች። «አይቻልም አክስቴ። የፌንጣዋ ፊልም ላይ ፊታቸው እንደ ሰሊጥ ነው፤ የትኛው እርሳስ ይገባበታል? ከባላቸው እኩል ለማድረግ ፎቶውን ግድግዳ ላይ ሰቅለን በጎሹ ዳግመኛ ማንሳት ነው፤ ትልቅ ፊልም ይፈልጋል። ትልቅ ፊልም ደግሞ...»

«አንድ አለ» አለች ሰባት ቶዋ።

«እሱ ያንቺ ነው።»

 ሰባት ቶዋ በማግስቱ ቀኑን ሙሉ የጎሹን ሌንስ ስትወለውል ዋለች። ወናፉን ቅባት ቀባች። ሐምራዊ ቀሚሷን ከሳጥኑ አውጥታ አየር ላይ ሰቀለችው፣ ዳሰሰችው፣ መልሳ አጠፈችው። አርባ ዓመት ሰው ሁሉ የተቀመጠበት ወንበር ላይ ሄዳ ተቀመጠች፤ ከጎሹ ፊት ለፊት። ጎሹም ጥቁሩን ዓይኑን አፍጥጦ አያት። አንድ ሩዝ የሚበስልበትን ያህል እንዲያ ተቀመጡ። ትሪን ከበሩ ኋላ ሆና ታያት ነበር፤ መግባት አልደፈረችም።

ከዚያ ሰባት ቶዋ ተነሳች፤ የብስኩት ቆርቆሮውን አወረደች።

«ነይ» አለች፣ ዞር ሳትል። «ፎቶውን ግድግዳው ላይ ምቺው። ቀጥ ይበል እንጂ ሰካራም አይምሰል!»

ጨርቁ ሥር ገባች። ደብዛዛው መስታወት ላይ እማማ ስምንት ተዘቅዝቀው ተሰቅለዋል። ያ የተከፈተ አፍ፣ ሲገለበጥ፣ የሚያለቅስ ሰው አፍ ነበር። ሰባት ቶዋ ጨርቁ ሥር ቆየች።

«አክስቴ? እንቅልፍ ወሰደሽ?»

«እየቆጠርኩ ነው» አለች ከውስጥ። «ዝም በይ።»

እማማ ስምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይነቃነቁ ተነሱ።

የእርሳሱ ሥራ አምስት ቀን ፈጀ፤ አምስቱንም ቀን እማማ ስምንት ከትከሻዋ ኋላ ቆመው ትእዛዝ ሲሰጡ ነበር። ዓሣ ሻጮቹ ወጡ። ክርኑ ወጣ። ጥርሱ ገባ። ግራ ጆሯቸው ከሻሹ ሥር ተደብቆ ስለነበር፣ ሟች ደግሞ የልጆቹን ጸሎት በሁለት ጆሮው መስማት ስላለበት፣ ሰባት ቶዋ አዲስ ጆሮ በእርሳስ አበቀለችላቸው። የማንን ጆሮ እንደቀዳች አልተናገረችም፤ እዚያ ቤት ሄዶ ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ባልየውን ያየ ግን አይስተውም። በመጨረሻ አፉ ቀረ።

«እሱንስ ዝጊው» አሉ እማማ ስምንት። «እየሳቀ የሚቀመጥ ሙት አይቼ አላውቅም። ልጆቼ እፊቴ ሆነው እንዴት ያለቅሳሉ?»

ሰባት ቶዋ እርሳሱን አስጠጋች፤ መለሰችው። «እትዬ ስምንት፣ የርስዎን አፍ መዝጋት ባልዎ አርባ ዓመት ሞክረው አልቻሉም። እኔ በእርሳስ ልችል?»

እማማ ስምንት ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ ፎቶው ላይ እንዳሉት ሆኑ። በዚያው ቀረ።

አዲሱ ዓመት በገባ በሁለተኛው ቀን ትሪን ፌንጣዋን ይዛ አክስቷ ፊት ቆመች። «ቀሚስሽን ልበሺ» አለቻት። ሰባት ቶዋ ብዙ አጉረመረመች፤ ፊልሟን እንደሰጠች፣ በፌንጣ ከመነሳት በመታወቂያ መቀመጥ እንደሚሻላት ተናገረች። እየተናገረችም ለበሰች። ጎሹ አጠገብ ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና ጉልበቷን ገጥማ፣ አገጯን አንስታ፣ ሳትሞት ሞተች።

«አክስቴ፣ ተንፍሺ።»

«ሁለት ሰከንድ አትቆይም እንዴ ያቺ?»

«ዓይን እርግብ እስኪል ብቻ!»

በዚህ መሃል እማማ ስምንት በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ የሩዝ ሙልሙል ይዘው ገቡ። «ምን ሆነሽ ነው እንደ ቀራጭ የተቀመጥሽው?» ብለው አንገትጌዋን ሊያስተካክሉ ሄዱ። ወዲያው ዘጠኝ ቫንግ፣ ከሚስቱ ጋር ዕርቅ ያወረደው ገና ትናንት ነበር፣ አንድ ዳክዬ በጉያው ይዞ «መልካም አዲስ ዓመት!» እያለ ዘው አለ።

እማማ ስምንት ዞር ብለው አዩት። ከዚያ በግራቸው ሰባት ቶዋን አዩ። ከዚያ የትሪንን ጣት።

«መሃል ነኝ! ደግሞ መሃል ነኝ!» ብለው ጮኹ። ዳክዬዋ አመለጠች፤ ቫንግ ክርኑን ይዞ ከፎቶው ለመውጣት ዘለለ፤ ሰባት ቶዋ በአርባ ዓመት ልማድ ብድግ ብላ «ጎረቤት!» ብላ ስትጠራ ሳቅ አፏ ላይ ቀደማት። ፌንጣዋ ጠቅ አለች።

«ትሪን!» አሉ እማማ ስምንት፣ ደረታቸውን ይዘው። «ገደልሽኝ!»

«ቆጥሬያለሁ» አለች ትሪን። «አራት ናችሁ።»

«አራተኛው የታለ?»

ትሪን በጣቷ ከኋላቸው አሳየቻቸው። በተወለወለው መስታወት ውስጥ፣ ፌንጣዋን ዓይኗ ላይ እንደደገነች፣ ትሪን ራሷ ነበረች።

ሰባት ቶዋ ወደ መስታወቱ ዞራ አየች። ከዚያ በኋላ ትሪንን የቸኮለች ብላ አልሰደበቻትም። ከዚያ ወዲህ ገበያ የሚወጡት አብረው ነው፤ ትሪን ፌንጣዋን ይዛ፣ አክስቷ እየተከተለች ሰው እየቆጠረች። ጎሹ በሦስት እግሩ ቤት ይጠብቃል፤ የትሪን የዝናብ ጃንጥላ ይሰቀልበታል። እማማ ስምንትም አሁን ድረስ አልሞቱም። ፎቶውን ከቁም ሳጥን እያወጡ ለእንግዳ ሁሉ ያሳያሉ፤ «ይቺ መንቀጥቀጥ አቁማለች፤ እኔ ነኝ የምቀጥለው» ይላሉ።

ፎቶው ታጥቦ የመጣ ቀን ትሪን ለአክስቷ በሁለት እጇ ሰጠቻት። ፀጉሯ ተበታትኗል፣ አንገትጌዋ ተዛንፏል፣ አፏ ተከፍቷል። «እርሳስ አይገባበትም» አለች ትሪን እየፈራች። «መጨማደዱ ሁሉ አለ።»

ሰባት ቶዋ ፎቶውን ቀጥ አድርጋ አየችው፤ የማታውቃት ሴት ነበረች። ከዚያ አዞረችው፤ እግሯን ወደ ሰማይ፣ ራሷን ወደ ምድር። እንደዚያ ይዛው ቆየች።

«ደህና ናት» አለች። «ስትዘቀዘቅ ታምራለች።»